ውሃ የዋጠው ግብ

«አትነሺ! ደርቭላ፣ ቆይ፣ እንዳትነሺ!»

ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። ደርቭላ ዓይኗን ስትገልጥ ከበላይዋ ጉም ብቻ ነበር። ከዚያ የሙሪን ፊት ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ። ጓደኛዋ እንዲህ ደም የሌላት መስላ አይታት አታውቅም።

«ምን ሆኜ ነው?»

«ሩሯ መታችሽ። እዚህ ጋ።» ሙሪን ከራሷ ጆሮ በላይ ያለውን ቦታ አሳየቻት። «ሄልሜትሽን ማውለቅሽን አላየሁም። እናቴ ትሙት፣ አላየሁም!»

ደርቭላ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሣሩ ርሷል። ሄልሜቷ ከጎኗ ወድቋል፤ ፀጉሯ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ቢያስቸግራት ልትጠቀልለው ለአንድ አፍታ ነበር ያወለቀችው። ቆዳ የለበሰችው፣ በዱላ የምትመታው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረችው ሩር መረቡ ሥር ተኝታለች። ልምምዱ ካለቀ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ሌሎቹ ልጆች ሄደዋል። ሁለቱ ብቻ ለእሑዱ ጨዋታ «ትንሽ እንጨምር» ብለው ቀሩ።

«ብዙ ቆየሁ?»

«አንድ ደቂቃ። ላይሞላም ይችላል። ስጠራሽ ዝም አልሽኝ።»

ጧ።

ደርቭላ ወደ ሜዳው ዳር ዞረች። እዚያ ተጫዋቾች ሩር እያነጠሩ የሚለማመዱበት ረጅም የሲሚንቶ ግድግዳ አለ። በጉሙ ውስጥ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ጧ። ትንሽ ዝምታ። ጧ።

«አሰልጣኝ ኮልማን አልሄዱም እንዴ?»

«ሄደዋል። መኪናቸው ስትወጣ አብረን አየን እኮ።»

«ታዲያ ግድግዳው ጋ የሚመታው ማነው?»

ሙሪን አንገቷን ሰገግ አድርጋ አዳመጠች። ወደ ደርቭላ ስትመለስ ዓይኖቿ ፈርተው ነበር።

«የሚመታ ሰው የለም» አለች። «ምንም ድምፅ የለም፣ ደርቭላ።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ሙሪን የደርቭላን ቦርሳም ዱላም ተሸከመችላት። መንገዱን ሁሉ ስታወራ ዝም ያለችው መኪና ሲያልፍ ብቻ ነው።

«ከታወቀ አለቀልን፤ ገብቶሻል? አንቺ ሦስት ሳምንት ትቀመጫለሽ። እኔ ደግሞ የዓመቱን ጨዋታ ስንብት።»

እውነቷን ነው። ራሱን የተመታ ተጫዋች ሐኪም ሳያየውና ሦስት ሳምንት ሳያርፍ ሜዳ አይገባም። ኮልማን ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ ሄልሜት ወዳላደረገ ሰው ሩር የመታ በዚያ ዓመት ዳግመኛ አይጫወትም። አምና አንዷን ልጅ እያለቀሰች አሰናብተዋታል። የተመታችው ልጅ ጭረት እንኳ አልነበረባትም።

«ደህና ነኝ አልኩሽ» አለች ደርቭላ። «እብጠቱ በፀጉሬ ይሸፈናል።»

«የኪልቶራ ሴቶች ለዋንጫ ሲደርሱ የመጀመሪያቸው ነው። አባዬ የክለቡ ሊቀመንበር ሆኖ አምስት ዓመት የጠበቀው ይሄን ነው። ማዪልኝ አቦ።»

«ማልኩ።»

«እንደሱ አይነፋም። ለማንም አልናገርም በይ።»

«ለማንም አልናገርም» አለች ደርቭላ። ያን ስትል የራሷ ድምፅ ዘግየት ብሎ፣ ከኋላዋ፣ እንደገና የተሰማት መሰላት። ዞር አላለችም።

*

ኮልማን ጋሪሂ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በኪልቶራ እሳቸውን የማያውቅ በግ እንኳ የለም ይባላል። በሃያ ዓመታቸው ለአውራጃው ቡድን ተመርጠው አሥራ ሁለት ዓመት ተጫውተዋል። ሁለት የፊት ጥርሳቸውንና የአንዲት ትንሽ ጣታቸውን ጫፍ በየሜዳው ትተው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲል ወደ አሰልጣኝነት ዞሩ። መጀመሪያ ሕፃናቱን፣ ቀጥሎ ወንዶቹን ይዘው አጥቢያውን ሁለት ጊዜ ለዋንጫ አበቁ። ሁሉም ሰው ወደ አውራጃው ቡድን ይሄዳሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ አሰልጣኝ አጥተው ወደ ነበሩት ልጃገረዶች መጡ። ለምን ሲሏቸው «የሴቶቹ ጨዋታ ስሙ ካሞጊ ይባል እንጂ ዱላውም፣ ሩሯም፣ ሕመሙም ያው ነው» ይላሉ።

ሰው የሚስቅባቸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከልምምድ በፊት እያንዳንዷን ልጅ አገጯ ሥር ሁለት ጣት አስገብተው የሄልሜቷን ማሰሪያ ይፈትሻሉ፤ አንድም ቀን፣ አንድም ልጅ ዘለው አያውቁም። ሁለተኛው ግድግዳው ነው። ከሁሉም ቀድመው ይመጡና ብቻቸውን ሩር ያነጥራሉ። አንዴ መትተው ስትመለስ ይቀልቧታል። በሚቀጥለው ግን አይነኳትም። ወደ ግራቸው ዞር ብለው፣ የሌላ ሰው ተራ እንደሆነ ሁሉ ይጠብቃሉ፤ ሩሯ አልፋቸው ትሄዳለች።

«ከሞተ ሰው ጋር ነው የሚጫወቱት» ይላሉ ልጆቹ። ትልልቆቹ ግን አይስቁም። «ተዉ፣ ሽማግሌውን ተዉ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

ዓርብ ዕለት ደርቭላ ትምህርት ቤት የዋለችው ዓይኗን ግማሽ ከድና ነው። የክፍሉ መብራት እንደ መርፌ ይወጋታል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ያለው ስምንት ቁጥር ቀስ ብሎ ከቦታው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሲንሸራተት አየችው። መስኮቱ ውጭ አጥር አለ። አጥሩ ጋ የቆመ ሰው ያለ መሰላት። ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ አጥሩ ብቻ ቀርቷል።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ኮልማን በተራ እየፈተሹ መጡ። ጣታቸው አገጯ ሥር ሲገባ ደርቭላ ሳታስበው ሸሸች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«የመታሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

ሙሪን ከጎን «በደንብ አልተኛችም» ብላ ጣልቃ ገባች። «ፈርታ ነው። የእሑዱን።»

ኮልማን አንዷን አይተው ሌላዋን አዩ። ከዚያ ወደሚቀጥለችው ልጅ ሄዱ።

ከዚያ ደርቭላ ግብ ውስጥ ቆመች። የመጀመሪያዎቹን አራት ያዳነቻቸው እጆቿ ስለለመዱ ብቻ ነው። አምስተኛዋ ስትመጣ ሁለት ሩሮች ሆነው፣ ጎን ለጎን እየበረሩ መጡ። ደርቭላ በግራ የምትመጣውን ለመያዝ ተዘረጋች። እጇ የጨበጠው ባዶ አየር ነው። እውነተኛዋ በቀኝ ትከሻዋ በኩል ገብታ መረቡን አንቀጠቀጠች።

ልጆቹ ሁሉ ወደ ግቡ ዞሩ። የኪልቶራ ግብ ጠባቂ እንዲህ ቀላል ሩር ስታሳልፍ ያየ የለም።

ኮልማን ፊሽካውን ነፉ። «ለዛሬ ይበቃል» አሉ። ልጆቹ እያጉረመረሙ ሲበታተኑ ወደ ግቡ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት፦ «ደርቭላ፣ ሁለተኛ እጠይቅሻለሁ። ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም» አለች።

በሽማግሌው ፊት ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየች። ቁጣ አይደለም። አንድ ሰው በሩቅ ስሙን ሲጠሩት ሰምቶ፣ ተሳስቼ ይሆን ብሎ እንደሚያዳምጥ ዓይነት ነበር።

*

ቅዳሜ ቀትር ላይ ማልያዋን ልትቀበል ወደ ሜዳው ሄደች። እናቷ ብሬዳ በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት፤ ያን ቀን እስከ ማታ ተረኛ ነበረች። ጉሙ አልለቀቀም። ከመንገዱ ገና ሳትገባ የግድግዳው ድምፅ ደረሰባት።

ጧ። ጧ። ጧ። ጧ።

ኮልማን ናቸው፤ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ዱላቸውን ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል። ደርቭላ ቆም ብላ ተመለከተች። መቱ፣ ተመለሰች፣ ቀለቡ። እንደገና መቱ። በዚህኛው ዞር ብለው ተዉአት፤ ሩሯ አልፋቸው ሣሩ ውስጥ ገባች። ድምፁ ግን አልቆመም። ሩሯ ሣሩ ውስጥ ጋደም ብላ እያለች፣ ግድግዳው ላይ አንድ ጊዜ፣ ጥርት ብሎ፣ ጧ አለ።

ደርቭላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

ኮልማን አዩአት። ሩሯን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። «መጣሽ? ማልያውን ኋላ እሰጥሻለሁ። ነይ፣ ትንሽ እንራመድ።»

ከግድግዳው ጀርባ በድንጋይ አጥሮች መካከል የሚወርድ ቀጭን መንገድ አለ። መጨረሻው ቱርሎኩ ነው። ቱርሎኩ በበጋ በግ የሚሰማራበት ሣር ነው። ዝናቡ ሲበዛ ውሃው ከመሬት ሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣ ማንም ሲፈስ ሳያየው ይወጣና ሐይቅ ይሆናል፤ በሚያዝያ እንደ አመጣጡ ይሰምጣል። አሁን ሞልቷል። ውሃው ጉሙን መስሏል፣ ጉሙም ውሃውን፤ የቱ ጋ እንደሚለያዩ አያስታውቅም። ከመካከሉ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና አንድ አግዳሚ ብቅ ብለዋል። የዛጉ የግብ ብረቶች።

«የድሮው ሜዳችን ይሄ ነበር» አሉ ኮልማን። «አዲሱ ሲሠራ ሌላውን ሁሉ ነቅለን ወሰድን። ያንን ግን ለመንቀል እጁን ያነሣ ሰው አልተገኘም።»

ደርቭላ እየሰማቻቸው አልነበረም። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አንድ ሰው ቆሟል። ውሃው ጉልበቱ ሥር ነው። ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ሩር እንደሚጠብቅ ሰው ተዘጋጅቶ ቆሟል። አይንቀሳቀስም።

«ሰውዬው ምን እየሠራ ነው? አይበርደውም?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ግቡ ውስጥ የቆመው።»

ኮልማን ወደ ውሃው አልዞሩም። ያዩት እሷን ነበር። «ምን ይዟል?» አሉ በጣም ቀስ ብለው።

«ዱላ።»

«በየት እጁ?»

«በግራው።»

«ራሱ ላይ ምን አድርጓል?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

ነፋስ ጉሙን ገፋ አደረገው። ደርቭላ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ስትገልጥ፣ ግቡ ውስጥ ውሃ ብቻ ነበር። «ሽመላ ነው መሰለኝ» አለች።

«ሽመላ ዱላ አይዝም» አሉ ኮልማን። ፈገግ ሊሉ ሞክረው አልሆነላቸውም። አጥሩ ላይ ተቀመጡና ቦታ ለቀቁላት። «ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ እየመጣሁ ያን ግብ አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ምንም አይቼ አላውቅም። ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ተቀመጠች።

«ሴናን ድሮኒ ይባል ነበር። ግብ ጠባቂያችን ነው። ግራኝ። ፎቶው የክለቡ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሺህ ጊዜ በሥሩ አልፈሻል፤ ያየሽው ከዚያ ሊሆን ይችላል።»

«ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም» አለች ደርቭላ።

«እሺ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ነበር። ጠዋት ማታ ግድግዳው ጋ ነን፤ አንዴ እኔ እመታለሁ፣ አንዴ እሱ። ያኔ ሄልሜት የሚባል ነገር የለም፤ አድርገሽ ብትመጪ ይስቁብሻል። ለዋንጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ሁላቸው ሄደው ሁለታችን ቀረን። ትንሽ እንጨምር ተባብለን።»

ደርቭላ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አጣበቀች።

«ጉም ነበር። እሱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሏል። እኔ የተዘጋጀ መስሎኝ መታሁ፤ ሩሯ ራሱን አገኘችው። ሲነቃ ‹ለማንም እንዳትናገር፤ ከጨዋታው ያስቀሩኛል› አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ለእሱ ብዬ ዝም ያልኩ መሰልኩ እንጂ፣ ዝም ያልኩት ለራሴ ነው። አሰልጣኛችን ሁለቴ ጠየቁኝ። ሴናን ምን ሆኗል? ሁለቴም ምንም አልኳቸው።»

ውሃው ላይ አንዲት ወፍ ጮኸች። ከወዲያኛው የድንጋይ ጥግ ጩኸቷ ተመልሶ መጣ።

«በዋንጫው ቀን ሕፃን ልጅ የምታቆማት ሩር በአጠገቡ ተንከባልላ ገባች። እሱ እኮ ወደ ሌላ ቦታ ተዘርግቶ ነበር፤ ወደ ባዶው። በአንዷ ግብ ተሸነፍን። ሰክሮ ነው አሉ። ሰው ሁሉ እንዲያ አለ። እሑድ እሑድ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሰው ፊቱን ያዞርባቸው ነበር። እኔ ከኋላቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አፌን አልከፈትኩም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ውሃው እየሞላ ስለነበር በጎቹን ሊያወጣ እዚህ ወረደ። ሳይመለስ ሲቀር ልፈልገው የመጣሁት እኔ ነኝ። ግቡ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘሁት። ውሃው ከጉልበት አይዘልም፣ ደርቭላ። ዞሮበት ወድቆ ነው። ቀና የሚያደርገው ሰው አልነበረም።»

ኮልማን ካፖርታቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«በዓመቱ አውራጃው ጠራኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አጨበጨበልኝ። ባጨበጨቡ ቁጥር ወደ አውራጃው ግብ ጠባቂ እዞራለሁ። የማያውቁ ሰዎች ‹ኮልማን ትሑት ነው፣ ጭብጨባውን ለጓደኞቹ ያካፍላል› ይሉ ነበር።»

«ለማንም አልነገሩም?»

«ለእናቱ። ከሃያ ዓመት በኋላ። ሻይ ቀዱልኝ፤ ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ‹ማወቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር› አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።»

ኮልማን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ነገ አትጫወቺም።»

«ግን እኔ…»

«አንቺ ምንም አላልሽኝም። ሁለቴ ጠየቅሁሽ፣ ሁለቴም ምንም አልሽኝ፤ ውሸታም ነሽ አልልሽም። ነገ ግቡን ኢታ ትይዛለች። ለምን ሲሉኝ፣ እኔ ስለፈለግሁ ነው እላቸዋለሁ። ሽማግሌ ጃጀ ቢባል ማንም አይደነቅም። እናትሽ ግን ዛሬ ከሥራ ስትገባ ትወቅ፤ ሐኪም ይይሽ። ነገ ጠዋት አልሰማች እንደሆነ እኔ እነግራታለሁ። ማን እንደመታሽ አልጠይቅሽም።»

ወደ ላይ ሲመለሱ ደርቭላ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረች። የግቡ ብረቶችም በጉሙ ተውጠዋል።

*

እናቷ ማታ የገባችው እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ነው። ደርቭላ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ አንቀጠቀጠ። ሙሪን ናት፦ «ማልሽ አይደል። እንዳትረሺ።»

«ምነው ቆምሽ?» አለች እናቷ። «ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ትንሽ ራሴን አሞኛል።»

«የነገው ነው የሚያምሽ። ሂጂ ተኚ፣ የኔ ጀግና። እኔ ነገ ድምፅ እንጂ ሰው አልሆንም፤ ጮኼ ጮኼ ነው የምገባው።»

ደርቭላ ተኛች። ነገ ኮልማን ይናገራሉ፣ ብላ አሰበች፤ እኔ መሐላዬን አልሰበርኩም። ይህን ማሰቧ ግን እንቅልፍ አልሰጣትም።

እሑድ ረፋድ ላይ የሁለቱ አጥቢያዎች ሰው ሜዳውን ሞላው። የኪልቶራ መልበሻ ክፍል በር ክፍት ነው። ኮልማን በሩ ላይ ቆመው የተጫዋቾቹን ስም ከወረቀት አነበቡ። «ግብ ጠባቂ፣ ኢታ» ሲሉ መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ሰው ቀልድ መሰለው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ኢታ ግን አልሳቀችም። ማልያውን በሁለት እጇ አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች።

የሙሪን አባት ማቲ የሊቀመንበርነት ክራቫቱን እንዳሰረ ሕዝቡን እየገፋ መጣ። «ኮልማን፣ ምን ነካህ? በአውራጃው አንደኛ የሆነችውን ልጅ አስቀምጠህ ይቺን ጫጩት ታቆማለህ?»

«ውሳኔው የኔ ነው።»

«ምክንያቱስ?»

«ስለፈለግሁ ነው።»

«ስለፈለግህ!» ማቲ ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁ? ስለፈለገ ነው!»

ከኋላ አንዱ «ከግድግዳ ጋር መጫወት ሰልችቶት ነው፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ይጫወታል» ሲል ሳቅ ፈነዳ። ሌላው «ጃጅቷል በቃ፣ ዱላውን ተቀበሉት» አለ። አንዲት ሴት አንገቷን አስግጋ «እንዲህ ያለ ሰው ልጆቻችንን ይዞ ኖሯል ለካ» አለች፤ ሌላዋ ራሷን ነቀነቀች።

ኮልማን አልተነቃነቁም። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሰው ዝናብ ውስጥ ቆሞ እስኪያባራ እንደሚጠብቀው ቆመዋል። ደርቭላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆና አየቻቸው። የሰዉ ጫጫታ እየራቀ ሄደ። በመካከሉ፣ ከየት እንደሆነ ሳታውቅ፣ ትናንት ቱርሎኩ ዳር የሰማችው ጸጥታ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሆነ ሰው የሚጠብቃት መሰላት።

እናቷ ብሬዳ ሰዉን ጥሳ መጣች። «ኮልማን፣ ምንድን ነው ነገሩ? ልጄ ምን አጠፋች?»

ሽማግሌው እናቲቱን አዩ፤ ከትከሻዋ በላይ አሻግረው ደርቭላን አዩ። እንዳልነገረቻት ገባቸው። አንዴ በረጅሙ ተነፈሱ። «ብሬዳ፣ እስቲ ወደዚህ ፈቀቅ እንበል፤ የምነግርሽ…»

ሙሪን ከወዲያኛው ወንበር ሆና የጫማዋን ክር እያጠበቀች ነበር። ቀና አለችና የደርቭላን ዓይን ፈለገች። ራሷን በጣም በትንሹ፣ ሌላ ሰው በማያየው ልክ፣ ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

ደርቭላ ተነሣች። ክፍሉ አንድ ጊዜ ዞረባት፤ የኢታን ትከሻ ይዛ እስኪቆምላት ጠበቀች። ከዚያ ሰዉ መካከል ገባች።

«እማ፣ እሳቸው አይደሉም የሚነግሩሽ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ጫጫታው በአንዴ አልቆመም። ከፊት ጀምሮ፣ ወደ ኋላ፣ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ሐሙስ ዕለት ሩር ራሴን መታችኝ። ሄልሜት አላደረግሁም ነበር። ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለት ነው የማየው፤ የሌለ ድምፅም እሰማለሁ። ኮልማን ሁለቴ ጠየቁኝ፣ ሁለቴም ዋሸኋቸው። ያስቀመጡኝ ለዚህ ነው።»

እናቷ የደርቭላን ጭንቅላት በሁለት እጆቿ ይዛ፣ ጣቶቿን በፀጉሯ ውስጥ አስገብታ እብጠቱን አገኘችው። ፊቷ ተለወጠ። ማቲ ክራቫቱን ላላ አደረገ።

«ማን ነው የመታሽ?» አለ በመጨረሻ። «ከእኛ ልጆች ነው?»

ስሙ የደርቭላ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ኮልማንን አየቻቸው፤ እሳቸው መሬቱን እያዩ ነው።

ስም አልጠራችም። አልካደችምም። ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ የእናቷ መዳፍ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ዝም ብላ ጠበቀች። የክፍሉ ሰው ሁሉ አብሯት ጠበቀ። ውጭ ዳኛው ፊሽካውን ሲሞክር ተሰማ።

ከኋላዋ፣ ሙሪን በተቀመጠችበት በኩል፣ የአግዳሚው ወንበር እግር ሲሚንቶው ላይ ሲፋቅ ሰማች፤ አንድ ሰው ተነሣ።